ሞቴን ሰምታ የመጣች ልጄ

የቀልድ ውሸት የሚነገርበት ቀን ከየት እንደመጣ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ልጆቹ «ኤፕሪል ዘ ፉል» ይሉታል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት ሊያልቅ ሲል የሚውል ቀን ነው። እኔ ቆቦ ተወልጄ ቆቦ ያደግኩ ነኝ። ዒድን አውቃለሁ፣ መውሊድን አውቃለሁ፣ የልጃገረዶች ጨዋታ የሆነው ሶለል በነሐሴ ሲደርስ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጨፍሬያለሁ። ሰው ሰውን አታልሎ «በላሁህ!» እያለ የሚስቅበት ቀን ግን አልነበረንም። አንዳንዱ በሬዲዮ መጣ ይላል፣ አንዳንዱ በስልክ መጣ ይላል።

የመስጊዳችንን ኡስታዝ ጠየቅኩት። «ነቢያችንም ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱ ግን ከእውነት ውጭ አይናገሩም ነበር» አለኝና ሌላ አልጨመረም። የትንሿን ልጄን አስተማሪ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝቼ ጠየቅኩት። ወጣት ነው፣ ትዕግሥት አለው።

«እንደሚባለው እናቴ፣ ድሮ በአንድ የፈረንጅ አገር አዲስ ዓመት የሚከበረው በዚህ ሰሞን ነበር። በኋላ በአዋጅ ወደ ሌላ ወር ተዛወረ። አዋጁን ያልሰሙ የገጠር ሰዎች በድሮው ቀን ማክበራቸውን ቀጠሉ። የሰሙት ሳቁባቸው፣ አላገጡባቸው። ከዚያ ነው የመጣው ይላሉ።»

«እርግጥ ነው?»

«እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። ሌላም ሌላም ይባላል።»

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የፈረንጅን ታሪክ አላውቅም። ግን ይህን ሰምቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ያልሰሙት ሰዎች ከዓይኔ አልጠፉም። ልጆቿን አጥባ፣ ቤቷን ጠርጋ፣ ዶሮዋን አርዳ፣ እንግዳ ይመጣል ብላ በሯን የምታይ አንዲት ሴት ታየችኝ። ሰው ዜና ስላልደረሰው ይሳቅበታል እንዴ? በእኛ አገር ማፈር ያለበት ሰምቶ ያላሰማው ነው።

አባቴ የቆላ ነጋዴ ነበር። ከአፋር ሰዎች ጋር ጨውና ግመል ይገበያይ ነበር። አንዳንዴ እኔንም ይዞኝ ይሄድ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ጭነት ሳይወርድ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ቁጭ ይሉና አንዱ ያየውን ሁሉ ይናገራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ። ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል። አባቴ ገና ከሩቅ «ነገያ?» ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ ከአያቶቹ የወረሰው ኦሮምኛ ነው፤ ሰላም ነው ወይ ማለቱ ነው። ውሸት ያወራ ሰው ከዚያ ወዲያ ማንም አይሰማውም። «ጉድጓድ ውሃ የበከለና ወሬ የበከለ አንድ ነው» ይል ነበር አባቴ።

እንዲህ ስል ግን እኛ አንዋሽም ማለቴ አይደለም። እኛ ሞትን እንዋሻለን። ሰው ሲሞትና ዘመዱ ሩቅ አገር ሲሆን፣ ደውሎ «ሞተ» የሚል የለም። ያ ነውር ነው፤ ሰውን በቆመበት መግደል ነው። «አሞታልና ና» ይባላል። አብሮት የሚኖር ሰው እውነቱን ሰምቶ፣ ለእሱ ግን ደብቆ፣ እንደ ዋዛ «እስቲ እናትህን ጠይቀን እንምጣ» እያለ ይዞት ይሳፈራል። በመንገድ ላይ ማንም ደውሎ እንዳያረዳው ስልኩን ያጠፉበታል። ሹፌሩም በጆሮው ከተነገረው ዘፈኑን ይዘጋል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ትከሻ ሲዘጋጅ ነው እውነቱ የሚነገረው። ይህን ሁሉ ልጆች ፊት አንነጋገርም። እኔም ለትንሿ ልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ብትሆንም ለእኔ ገና ልጅ ናት።

እንግዲህ አምና ያን ቀን ገና ሲነጋ በጊንጥ ጀመረችኝ። ጎንበስ ብዬ እሳት ስለኩስ፣ «እማ! ሻሽሽ ላይ ጊንጥ!» አለች። እኔ ከጊንጥ ጋር ቀልድ አላውቅም፤ ቆላ ነን። ሻሼን አውልቄ ወረወርኩ፣ እሱ ሄዶ እሳቱ ላይ ከማረፍ ለጥቂት ዳነ። እሷ በሩ ላይ ተንከባላ ትስቃለች።

«እማ፣ ዛሬ እኮ የሚዋሽበት ቀን ነው!»

«ማን ፈቀደ?»

«ዓለም በሙሉ!»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አልኳት። ሳመችኝና ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ስትወጣ የአባቷን ስልክ ስትነካካ አይቻለሁ። እሱ ማልዶ ወደ ሽንኩርት ማሳው ሲወርድ ውሃ ይገባበታል ብሎ ስልኩን ቤት ይተወዋል። ጨዋታ ትጫወታለች ብዬ ዝም አልኩ።

እኔ ብርድ ልብስ ለማጠብ ሳፋ አወጣሁ። ትልቋ ልጄ ወልድያ ነው ያገባችው፤ ያን ጊዜ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እዚያው እወልዳለሁ ብትልም እኔ ምናልባት ብዬ የአራስ ልብሱን፣ ጨርቁን፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ አዘጋጃለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ በሆዷ ሳለ ጠፍቶባታል። አንድ ሰው የዘመዷን ሞት በድንገት ነግሯት፣ በማግስቱ ነው ደም ያየችው። በዚያ ይሁን በሌላ አላህ ያውቃል። ሐኪሟም እንዲህ ነው አላለም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «አደራህን፣ ክፉ ወሬ እንዳትሰማ» ብዬ ለባሏ ስንት ጊዜ ነገርኩት። ከባድ አታንሺ፣ ፀሐይ አይምታሽ፣ በጎርባጣ መንገድ አትሂጂ እያልኩ በስልክ ስጨቀጭቃት «እማ፣ እንቁላል አረግሽኝ እኮ» ትለኝ ነበር።

ሳፋው ውስጥ ቆሜ ብርድ ልብሱን በእግሬ ስረግጥ የግቢው በር ተበረገደ። የአጥር ጎረቤቴ ናት፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ክርስቲያን ሴት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ «ወይኔ እህቴ! ወይኔ ደጓ ጎረቤቴ!» እያለች ገባች።

«ማን ሞተ እትዬ?» አልኳት ደንግጬ።

አፏን ይዛ ቀረች። አየችኝ። እግሬንም አየች፣ አረፋውንም አየች።

«አንቺ!»

«እኔ ምን?»

«አንቺ ነሽ የሞትሽው!»

«እኔ ብርድ ልብስ እያጠብኩ ነው።»

«እኔም እያየሁ ነው! ልቤን አወለቅሽው እኮ! ታዲያ ካልሞትሽ አማችሽ ምን ሆኖ ነው የደወለልኝ?»

አስቀመጥኳት። እየተነፈሰች፣ እያማተበች ነገረችኝ። የልጄ ባል ደውሎላታል። «እትዬ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው? እንደርስ ይሆን?» ብሏታል።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን ልበል? ከአጥር ማዶ ሆኜ ጎረቤቴ ሞታ አልሰማሁም ልበለው? አፈርኩ! ‹ቶሎ ድረሱ፤ የሚጠበቀው እናንተን ነው› አልኩት።»

«ኧረ እትዬ!»

«አትቆጪኝ! እስላም አስከሬን አያቆይም ብዬ እኮ ነው፤ እንዳያመልጣቸው ብዬ!»

«እሱስ ማን ነገረው?»

«ትንሿ ልጅሽ። ‹እማን አሟታል፣ እህቴን ይዘሃት ና› አለችኝ ነው የሚለው።»

ቀሪውን ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም። የአባቷን ስልክ አንስቼ ለአማቼ ደወልኩ። ዝግ ነው። ለልጄ ደወልኩ። ዝግ ነው። ምንም አልተናደድኩበትም፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው የዘጋው። እኔው ነኝ አደራ ያልኩት። «እስቲ እናትሽን እንይ» ብሎ አሳፍሯታል፤ እሷም የራያ ልጅ ናት፤ ባሏ ሥራውን ጥሎ፣ ስልኳን ተቀብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ ሲያሳፍራት ማን እንደሞተ ለመገመት ብዙ አይፈጅባትም። ሆዷን ይዛ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ስትመጣ ታየችኝ። የመጀመሪያውን እንዲህ ነው ያጣችው።

«እሄዳለሁ» አልኩ። «ቤት ድረስ መጠበቅ የለብኝም። መንገድ ላይ ልያዛት።»

«ሂጂ። እኔ ባልሽን ከማሳው አስጠራለሁ።»

«ሌላ ለቅሶ ደራሽ ከመጣስ?»

«‹ተሽሏታል› እለዋለሁ» አለች። ሁለታችንም ሳንፈልግ ሳቅን።

መንገዱ ዳር ያገኘሁት ባጃጅ ነጂ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ልጆቹ ከልጄ ጋር ይማራሉ። «ሮቢት አድርሰኝ አያ፣ ፈጠን በል፣ ግን ቀስ ብለህ» አልኩት። ሁሌም እንዲህ ነው የምለው። ሮቢት ከወልድያ ሲመጡ ከቆቦ በፊት ያለች ከተማ ናት።

«ምነው እትዬ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም። ለቅሶ ነው?»

«አዎ።»

«የማን?»

«የራሴ» አልኩት።

ወደ ኋላ ዞሮ ሊያየኝ ሲል መንገዱን ሊስት ነበር። እየሄድን ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ፣ አንዴ እየሳቀ፣ አንዴ «ያ አላህ» እያለ ነዳ። የማሽላው አገዳ በየማሳው ተከምሯል፣ አቧራው ይነሳል፣ ግመሎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ጠበቅን። እኔ ቀልድ የማላውቅ ደረቅ ሴት እሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ አይደለሁም። ልጄ ስትዳር የአማቼ ሚዜዎች ከቤቴ ጭልፋና አንዲት ዶሮ ሰርቀው ሄደዋል። እኛ አይተን እንዳላየ ሆነናል፤ ወጉ ነው። ዶሮዋ መኪና ውስጥ ስትጮህ ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። የተሰረቀውም ከሌባው እኩል የሚስቅበት ቀልድ ደስ ይላል። የዛሬው ግን ምን ዓይነት ነው? የቀለደችው ልጅ ትምህርት ቤት ተቀምጣለች፣ የተቀለደበት ሰው ያለቅሳል፣ የሚስቅ አንድም ሰው የለም።

«አብሽሪ እትዬ» አለ ባጃጅ ነጂው። «ሲያዩሽ ያበቃል።»

ጭንቀቴ እዚያ ላይ ነበር። ሲያዩኝ ያበቃል ወይስ ይብሳል? እናቴ ሞተች ብላ ልቧ የተሰበረ ልጅ፣ እናቷን መንገድ ዳር ቆማ ብታይ ምን ትላለች? ጂን መሰልኳትስ? ሮቢት ስንደርስ ሚኒባሶች ሰው የሚያወርዱበት ቦታ ወረድኩ። ቆሜ ልጠብቅ አልኩ፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈራል። ልቀመጥ አልኩ፤ መሬት የተቀመጠች ሴት ለቅሶ ላይ ያለች ትመስላለች። ጥላ ሥር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አየሁ። የሞተ ሰው ቲማቲም አይገዛም ብዬ ሄጄ መምረጥ ጀመርኩ።

አንዱን አነሳለሁ፣ መንገዱን አያለሁ፣ እመልሰዋለሁ።

«እትዬ፣ ወይ ግዢ ወይ ተዪው፤ ቲማቲሙን አሸሽው እኮ» አለችኝ ሻጯ።

«እገዛለሁ። ልጄ እስክትመጣ ነው።»

«ልጅሽ ናት የምትመርጠው?»

«አይደለም። እኔ ስመርጥ እንድታየኝ ነው።»

እንደ እብድ አየችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በርጩማዋን ለቃልኝ፣ ከረጢት ሞልታ እጄ ላይ አስያዘችኝና «በደንብ ከፍ አድርገሽ ያዢው» አለች።

የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ በዘፈን ይጮሃል። ረዳቶቹ «ቆቦ! ቆቦ!» ይላሉ። በየመስኮቱ አጮልቃለሁ፣ የእኔዎቹ የሉም። አለፉኝ ይሆን ብዬ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣሁ። በመጨረሻ ከወልድያ መንገድ፣ ከጎብዬ በኩል አንድ ሚኒባስ መጣ። ዘፈን የለውም። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሟል፣ ግን አይጣራም። ሲቆም እንኳ በዝግታ ነው የቆመው። ዝምታውን ስሰማ አወቅኩ።

መጀመሪያ ያየኝ አማቼ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቢስሚላህ ያለ ይመስለኛል፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ልጄ ከጎኑ በመስኮቱ በኩል ናት። ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ግንባሯን ወደ መስተዋቱ አስጠግታለች። አታይም። መንገድ ላይ የተዘጋጀሁበት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። ተጠጋሁና የዘወትሬን ተናገርኩ።

«በዚህ ሙቀት ውሃ ይዘሻል?»

ሻርፑ ሥር ምንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«እማ?»

«እ።»

«አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁን? ውሃ ይዘሻል ወይ ነው የምልሽ።»

«አልያዝኩም» አለችና እንባዋ ፈሰሰ። ልትነሳ ስትል «ቀስ! ቀስ በይ! እጁን ያዢ! በቀኝ እግርሽ ውረጂ!» አልኩ። ወረደች። ፊቴን ዳበሰችው፣ ጆሮዬን፣ አንገቴን ዳበሰችው፣ ልክ እኔ ስትወለድ እንደዳበስኳት። ቲማቲሙ በመካከላችን ተፈነጣጠረ። መኪናው ውስጥ የነበሩ ሰዎች፣ ከወልድያ ጀምሮ ከንፈራቸውን እየመጠጡላት የቆዩ፣ በመስኮት ተንጠልጥለው «አልሃምዱሊላህ!» «እልልል!» አሉ። አንድ ሽማግሌ «እኔ እኮ ሰደቃ ልበላ ነበር የምወርደው» ብለው አሳቁ። ሹፌሩ ዘፈኑን ከፈተው። ረዳቱም ባለ በሌለ ጉልበቱ «ቆቦ!» ብሎ ጮኸ።

ልጄ ግን አልሳቀችም። ጆሮዬ ላይ ተደፍታ፣ «እማ፣ አይንቀሳቀስም» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቤት ስንወጣ ጀምሮ። አልተሰማኝም።»

ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ። እስከዚያ የነበረው ለካ ልምምድ ነው። ባጃጁ አልሄደም ነበር፤ ሰውየው የሚሆነውን ሳያይ መሄድ አቅቶት ጥላ ይዞ ቆሟል። ወደ ጤና ጣቢያው አደረሰን። ነርሷ አልጋው ላይ በጎኗ አስተኛቻትና እንደ ትንሽ ጥሩምባ ያለውን ማዳመጫ ሆዷ ላይ አድርጋ ጆሮዋን ደቀነችበት። ዝም። ወደ ታች አወረደችው። ዝም። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ፣ የማላውቀውንም ለመቅራት ሞከርኩ። አማቼ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ያያል። ልጄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። እኔ ፊቴን እንደ ደህና ሰው ፊት ለማድረግ ስታገል ጉንጬን አመመኝ።

«አለ» አለች ነርሷ። «ልቡ ይሰማል። ደህና ነው።»

«አረጋግጠሽ ስሚው» አልኳት።

«እናቴ፣ ከእርስዎ ልብ ይልቅ የእሱ ተረጋግቷል» አለችኝ። «ውሃ ትጠጣ፣ ጣፋጭ ነገር ትቅመስ፣ ትረፍ። በደንብ ሲንቀሳቀስ ካልተሰማት ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት፣ አታሳድሩ።»

ቆቦ ስንገባ ጎረቤቴ በር ላይ ተቀብላ ልጄን ሳመቻት። ባሌም ከማሳው በጭቃ እግሩ መጥቶ፣ በሕይወት መኖሬን በዓይኑ ካረጋገጠ በኋላ «የአንቺ ነገር ሁልጊዜ ግርግር ነው» ብሎኝ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ልጄን መደቡ ላይ ፍራሽ አንጥፌ አስተኛኋት። ጣፋጭ ጭማቂ ሰጠኋት። ጥቂት ቆይቶ ፊቷ ተለወጠ። እጄን ሳበችና ጎኗ ላይ አደረገችው። በስሱ ነው፤ በቡጢ ሳይሆን በጣት እንደመነካት። አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። አማቼ ተነስቶ ወጣ፤ ውዱእ ሲያደርግ ውሃው ይሰማኛል።

ትንሿ ከትምህርት ቤት የተመለሰችው ከዚያ በኋላ ነው። እህቷን መደቡ ላይ ስታያት ቦርሳዋን ወርውራ ዘለለች።

«መጣሽ! መጣሽ! አልኩ እኮ! ትመጣለች አልኩ እኮ!» ከዚያ ዙሪያዋን አየችን። «ምን ሆናችኋል? ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት።»

አባቷ ተነሳ። «ተቀመጥ» አልኩት። ጠዋት በቁጣ ጊዜ ስንት የምላትን አዘጋጅቼ ነበር፤ ያን ፊቷን ሳይ ግን ምኑንም አላገኘሁትም። አጠገቤ አስቀመጥኳትና ሰው ሲሞት በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ነገርኳት። ስልኩ ለምን እንደተዘጋ፣ ዘፈኑ ለምን እንደተዘጋ ነገርኳት። እህቷ ከወልድያ እስከ ሮቢት ማን ሞቶባት እንደመጣች ነገርኳት። የመጀመሪያውን ልጅ ነገርም፣ ያኔ ደብቀናት የነበረውን፣ ነገርኳት።

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «እኔ ‹ሞተች› አላልኩም እኮ እማ! በሞት አይቀለድም ብዬ፣ ቀላሉን ፈልጌ ነው ‹አሟታል› ያልኩት! በዒድ እንኳ አልመጣችም። ናፈቀችኝ። መጥታ ስታይሽ ትስቃለች ብዬ ነው...» ከዚያ በኋላ የምትለው በለቅሶ ተዋጠ። ፊቷን ጉልበቴ ውስጥ ቀበረች። እኔም ከመቆጣት ይልቅ ፀጉሯን ዳበስኩ። ከውሸት ሁሉ ትንሿን መርጣ፣ ትልቁን ያደረገችው ሳታውቅ ነው። ያ ድሮ የነበረው የፈረንጅ አገር አዋጅ ሳይደርሳቸው እንደቀሩት ሰዎች፣ እሷም የእኛን ነገር ያደረሰላት ሰው አልነበረም።

«ነይ ወዲህ፣ አንቺ ገዳይ» አለች ትልቋ ከመደቡ ላይ።

ትንሿ ቀና አለች። ጥፊ የጠበቀች ይመስለኛል፤ ዓይኗን ጨፍና ነው የተጠጋችው። እህቷ እጇን ያዘችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው።

«ጠብቂ።»

ጠበቅን። ውጭ ጎረቤቴ ለአንድ የመጣ ሰው «ኧረ ደህና ናት፣ ተሽሏታል» ስትል ይሰማል። ድንገት ትንሿ እጇን መነጨቀች።

«መታኝ!»

«አዎ። እኔ የምመታሽን እሱ መታሽ» አለች እህቷ፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች። ጠንካራ ምት ነበር፤ ቀሚሷ ሲነሳ እኔም አይቻለሁ። እንደገና እጇን ሳበቻትና መለሰችው።

«ነገ ትሄጃለሽ?» አለቻት ትንሿ በቀጭን ድምፅ።

መልሱን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ሰጠሁ። «ሆዷን ይዛ ያን መንገድ ዳግመኛ አትሄድም። እዚሁ ትወልዳለች፤ እዚሁም ሐኪም አለ።» አማቼ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ውሃ ከክንዱ ይንጠባጠባል። «እሺ» አለ። ያለወትሮው ምንም አልተከራከረኝም።

ትንሿ እንባዋ ሳይደርቅ እህቷን አየቻት፣ አማቼን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«እንግዲያው ቀልዱ ሠራ ማለት...»

«ዝም በይ!» አልናት ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

ዝም አለች። እህቷ ግን እጇን ከሆዷ ላይ እንድታነሳ አልፈቀደችላትም።